ለቂርቆስ የተሳለው አውራ በግ

ያረጋልን ማንኩሳ ገበያ ላይ የማያውቀው ሰው የለም፤ ቤቱ ሄዶ ያገኘው ግን ጥቂት ነው። ሚስቱ አደይ "ያረጋል አለ?" ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ "አሁን እዚህ ነበር።" እናቱ ስሙን ስታወጣለት ምን አስባ እንደነበር እንጃ፤ እሱ እንደሆነ ረግቶ የተቀመጠበት ቀን የለም። ምሳ ቀርቦለት እንኳ ግማሹን በልቶ አጥር ሊያይ ይወጣል። አጥሩን አይቶ ሲመለስ ላሚቱ ትታወሰዋለች፤ ላሚቱን አይቶ ሳይጨርስ አህያይቱ የት እንደደረሰች ያሳስበዋል። ደግነቱ የሚዞርበት አያጣም። አንድ ጥማድ በሬ፣ አንዲት ጥገት፣ አንዲት አህያ፣ ዶሮዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፍሱን የሚሰጥላቸው በጎች አሉት።

በጎቹን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ ትተውለት የሞቱት መንጋ ዋሸራ የሚባለው የአገሩ በግ ነበር፤ ቀይ፣ ጠጕሩ አጭር፣ ቀንድ የሌለው፣ ላቱ ሰፊ። መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበር። ያረጋል ግን መንጋው በእጁ ከገባ ጀምሮ አንድ አመል አወጣ። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ከወንዶቹ መካከል ቶሎ ያደገውን፣ ሽንጡ የረዘመውን፣ ላቱ የሞላውን ጠቦት መርጦ ገበያ ይወስደዋል። ቸግሮት አይደለም። ገበያውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ "ይኸ ደግሞ የማን ነው?" ሲል መስማት ይወዳል። ይህችን ለመስማት ሲል መንገዱን ሆን ብሎ ያስረዝማል፤ በበርበሬ ተራ ዞሮ፣ በእህል ተራ አልፎ ነው በግ ተራ የሚደርሰው።

ቤት የሚቀረው እንግዲህ ማንም የማይጠይቅለት ነው። ገበያ ቢወጣ የሚያሳፍረው ጠቦት ከእናት በጎቹ ጋር ይቀርና አውራ ይሆናል፤ የከርሞ ግልገል ሁሉ የእሱ ልጅ ነው። እንዲህ እየሆነ ዓመት በመጣ ቁጥር በጎቹ በቁመት አነሱ። ያረጋል ሣሩን ወቀሰ፣ ዝናቡን ወቀሰ፣ መስኩን እየገፋ የመጣውን የበቆሎ ማሳ ወቀሰ፤ አንድ ሰሞንማ በጎቼን ዓይን በላብኝ ብሎ ከጎረቤት ተኳረፈ። ራሱን ብቻ ተወ። እውነቱን ለመናገር አገሩም ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነበርና ማንም አልታዘበውም።

አምና የካቲት ላይ ከአባቱ መንጋ የቀረችው አንዲት አሮጊት በግ ምጥ ያዛት። ግልገሉ የፊት እግሩን አጥፎ መጥቶ ኖሮ አልወጣ አለ። ጎረቤቱ ላቀው ጭንቅላቷን ይዞለት፣ ያረጋል እጁን አስገብቶ እግሩን ሊያቃና ቢታገል ቢታገል አቃተው። በጊቱ ማቃሰቱን ትታ ዝም ስትል ልቡ ተሸበረ። ያን ጊዜ ነው አፉ የቀደመው።

"ቂርቆስ፣ አንተ ብቻ በሰላም አውጣልኝ፤ የሚወጣው ያንተ ነው" አለ ጮክ ብሎ።

ቂርቆስ የደብራቸው ታቦት ነው። ላቀው ደግሞ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል። ወዲያው እግሩ ተቃናና ግልገሉ ወጣ። ወንድ ነው፣ ቀይ ነው፣ እናቱም ተረፈች፤ ዳግም እንደማትወልድ ግን ያዩዋት ሁሉ ተናገሩ። አደይ የግልገሉን ጆሮ ጫፍ በጥታ ምልክት አደረገችበትና የቂርቆስ መሆኑ ታወቀ። ለጥር ዐሥራ አምስት፣ ለንግሡ ቀን፣ ይሰጣል።

ያረጋል መጀመሪያ ምንም አልመሰለውም። አንድ ግልገል ነው። ክረምቱ ሲገባ ግን ግልገሉ ማደግ ሳይሆን መነሣት ጀመረ ማለት ይቻላል። እናቱን በቁመት ደረሰባት፤ ጀርባው ሜዳ ሆነ፤ እግሩ አጥንተ ወፍራም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ ከወዲሁ የከበደ። አንድ ቀን ማለዳ ያረጋል ከበሬዎቹ ጋር ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ አየውና ቀንበሩን እንደተሸከመ ቆመ። አባቱ በሕይወት ሳሉ ደጅ ላይ የሚያያቸው አውራዎች ልክ እንዲህ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ከቤቱ አልወጣም ነበር። እናቱ ደግሞ ሌላ አትወልድም። ይህ በግ ጥር ላይ ከሄደ የአባቱ ዘር አብሮ ሄደ ማለት ነው። ዕለቱን ሲያርስ ትልሙ እየጠመመበት ዋለ።

ማታ ለአደይ አወጣው።

"እስከ ጥር ከበጎቹ ጋር ብንለቀውስ? ጥቂት ቢያስረግዝልን ምን ይላል?"

"የተሳለ በሬ ትጠምዳለህ?" አለችው።

"አልጠምድም።"

"እንግዲያ የተሳለ አውራም አይለቀቅም። ለኛ መሥራቱን ትቷል።"

እውነቷን ነው፤ በዚያ ደብር ለታቦት የተባለ ከብት ሰጪውን አያገለግልም። አደይ በጉን ከእናት በጎቹ ለይታ ከላሚቱ አጠገብ አሰረችው፤ የጠላ አተላና የጤፍ ጭድ ታቀርብለታለች፣ አልፎ አልፎ ጨው ታስልሰዋለች። ሚስቱ በዚህ ነገር ቀልድ እንደማታውቅ ያረጋል ያውቃል። ቢሆንም አላረፈም። የንስሐ አባቱን ቄስ ገብረ ኢየሱስን ከቅዳሴ መልስ ጠብቆ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኛቸው።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ምነው፣ በደኅና?"

"በደኅና ነው። አንድ የማውቀው ሰው በግ ተስሎ ነበር። አሁን ከዚያ የማያንስ ሌላ ቢያመጣና ያንን ቢያስቀር ምን ይላሉ ብየ ነው።"

ቄሱ የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ ላቀው ሳይነግራቸው አልቀረም።

"የማያንስ ካገኘ መልካም ነዋ" አሉ መስቀላቸውን ወደ ቀሚሳቸው እየመለሱ። "የማያንሰውን ለራሱ ያስቀረው። ቂርቆስ የተባለለትን ይወስዳል።"

ያረጋል ሲሄድ ሲሄድ ነው የገባው። ገብቶትም አልተናደደም፤ እንዲያውም መንገድ የተከፈተለት መሰለው። ሌላ የሚተካከለው አውራ ይፈልጋል፤ ያን ለመንጋው ያስቀራል፤ ይህን ይሰጣል። በቃ። ከመስከረም ጀምሮ እግሩ ቤት መዋል ጨርሶ ተወ።

ቡሬ ገበያ ወረደ። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ በሚባልበት ሰሞን "ሰላም ነው ወይ?" እያለ ከመንገደኛ ጋር እየተጠያየቀ ነው የሚጓዘው። በግ ተራ ገብቶ አንዱን ሲይዝ ሌላውን ሲለቅ ዋለ። ሌላው ሰው ላት ያያል፤ እሱ የእግር አጥንት ይደባብሳል፣ ጥርስ ይገልጣል፣ ጀርባ በመዳፉ ይለካል። መልከ መልካም የሆኑት አብዛኞቹ ሙክቶች ናቸው፤ ተኮላሽተው የደለቡ፣ ለአውራነት የማይሆኑ። በመጨረሻ አንድ ቀይ ያልተኮላሸ ጠቦት አየና ልቡ ሄደ። ባለቤቱን ስለ እናቱ ጠየቀው።

"እናቱ ቤት ናት፤ በሬ ነው የምታክል" አለው ሰውየው።

ገበያ ላይ እናት አትታይም። ያረጋልም ራሱ ለስንቱ ገዥ እንዲህ ብሏል፤ ብሏልና ሊጠረጥር ይገባው ነበር። አልጠረጠረም፤ መፈለግ ሰልችቶት ነበርና ገዝቶ ነድቶት መጣ። አደይ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በጉ ሻጩ ይቀልበው የነበረውን ጥራጥሬ ትቶ እንደ ሌሎቹ ሣር መጋጥ ሲጀምር ያ ሁሉ ውበት ከላዩ ይወርድ ጀመር። ላቱ ተሸበሸበ፣ ጀርባው ሾለ፣ ከስቡ ሥር የነበረው እውነተኛው በግ ብቅ አለ። ቤቱ ካሉት ከሲታዎች የሚለይበት ነገር የለም።

"ቂርቆስ ይኸንን አይቀበልህም፤ ለራስህ ያስቀረኸው ይኸ ነው?" አለችው አደይ ያን ጊዜ።

ያረጋል እንግዲህ ከገበያ ሳይሆን እናቶቹ ከሚታዩበት፣ ከሰው ቤት መፈለግ አለበት ብሎ ተነሣ። ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ፣ ጥሩ በግ አላቸው ተብለው የተወራላቸው ወይዘሮ ሰርካለም የሚባሉ ሴት ነበሩ። ብርዱ አጥንት በሚሰብር ዳገት ወጥቶ ደረሰ። እውነትም እናቶቹ በጎች የሚያስቀኑ ናቸው። ያረጋል ደስታው ፊቱ ላይ ታየ።

"እማማ፣ አውራውን ያሳዩኝ እንጅ" አላቸው።

"አውራ እንኳ የለም ልጄ። ፋሲካ ላይ አንድ ሸጋ ነበረ፤ ሸጥነው። አሁን ያለው ያ ነው" ብለው አጥር ሥር የቆመ፣ አንገቱ የቀጠነ ጠቦት አሳዩት።

"ከዚያ በፊትስ?"

"አምናም ለፋሲካ ሸጠናል፤ ካቻምናም ለመስቀል። ጥሩ ሲሆንማ ገዥ እጁን ይዞ ይወስደዋል፤ ምን ይደረጋል?"

ያረጋል ቁልቁል ሲወርድ በወይዘሮዋ በገነ። እንዲህ ያሉ እናቶች ይዞ እንዴት ሰው አውራውን ይሸጣል? ምን ዓይነት እብደት ነው? ብቻውን እያወራ፣ እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚሄደው። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ወሬው ከአፉ ጠፋ። ወይዘሮዋ የተናገሩትን ቃል በቃል እሱም ሲለው የኖረ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። 

ይህን ካወቀ በኋላ ሰው የሚረጋ ይመስላል። ያረጋል ግን ባሰበት። ማወቁ ምን ይፈይዳል፤ በጉ ያው የቂርቆስ ነው፣ ጥርም ደርሷል። ደብሩ ሲወስዱት በጨረታ ይሸጣል፤ የሚገዛው ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ በግ የሚገዛው ለቢላዋ ነው። እኔው ብጫረትስ ብሎ አሰበ። ከነጋዴ ጋር ተጫርቶ እንደማያሸንፍ ግን ራሱም ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ከበጉ አጠገብ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አደይ "ላሚቱ እኮ ባየችህ ቁጥር ወተቷን ትይዛለች" ብላ እስክታባርረው ድረስ።

የገና ሰሞን መንገዱ ተከፍቶ አንድ በግ ነጋዴ አይሱዙውን ከአስፋልቱ ዳር አቁሞ መንደር ለመንደር ይዞር ጀመር። ያረጋል ደጅ ሲደርስ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ስለ ሙክት ሊጠይቅ ነበር አመጣጡ። በጉን ሲያየው ጥያቄውን ረሳው።

"ይኸ ደግሞ የማን ነው?" አለ።

"የኔ ነው" አለ ያረጋል። አፉ ነው ያለው።

"ይኸን ያሳደገ እጅ ይባረክ። ስንት አገር ዞሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ በግ ካየሁ ቆየሁ።"

ያረጋል ሞቅ አለው። የበጉን ጀርባ መታ መታ አደረገ፤ ሽንጡን አሳየ፤ "ጥርሱን ተመልከተው፣ ገና እኮ ነው" አለ፤ ነጋዴው ሲያደንቅ እሱ ሲያሳይ፣ ነጋዴው ሲያደንቅ እሱ ሲያሳይ፣ እጁ ከካስማው ላይ ገመዱን ፈታ። ልሽጥ ብሎ አልነበረም። ምን ብሎ እንደነበር አያውቅም። በጉን እየሳበ የአጥሩ በር ላይ ደርሶ ነበር አደይ ጭድ እንደታቀፈች ከፊቱ ስትቆም።

"የማንን በግ ነው የምትሸጠው?" አለች።

ነጋዴው አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። የተበጣውን ጆሮ ሲያይ ነገሩ ገባውና "ይቅርታ እናቴ፣ ስለት መሆኑን አልነገረኝም" ብሎ ወደ ቀጣዩ ቤት አለፈ። ያረጋል ገመዱን እንደያዘ ቀረ። አፈረ። በሚስቱ ፊት፣ በነጋዴው ፊት፣ በበጉም ፊት ጭምር አፈረ። ከመስከረም ጀምሮ ይህ በግ እንዳይሄድበት ያልወጣው ዳገት የለም፤ አንድ ሰው መጥቶ አንዴ ቢያሞግሰው በገዛ እጁ ፈትቶ ሊሰጠው ነበር።

"አደይ፣ ልሰጠው ነበር" አላት።

"አይቸሃለሁ።"

"ስለት ባይሆን ኖሮ ዛሬ ሂዶ ነበር።"

"ስለት ባይሆን ኖሮማ" አለች ጭዱን እየበተነች፣ "መስከረም ላይ ነበር የሚሄደው። እስከ ዛሬ ማን አቆየው መሰለህ?"

ያረጋል ይህችን ቃል ይዞ ሁለት ቀን ዞረ። እህል አልበላ አለው። በጉን ያቆየው እሱ አይደለም፤ እሱ ሲፈልግ የከረመው የሚያቆይበትን ዘዴ ነበር፣ ዘዴው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የበጉ ጆሮ ላይ ነበር። ማንም የማይሸጠው በግ ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ የቂርቆስ የሆነው።

ጥር ዐሥራ አምስት ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። የስለቱ ከብት አንድ ባንድ ይቀርባል፤ ዶሮ ያመጣ አለ፣ ወይፈን ያመጣ አለ። ነጋዴዎቹ ከፊት ተደርድረዋል። የያረጋል በግ ሲቀርብ ሹክሹክታው ግቢውን ሞላው። ከዚህ በፊት ቢሆን ይህን ሹክሹክታ ሲሰማ አንገቱ ቀና ይል ነበር፤ ያን ዕለት ግን አቀረቀረ። ላቀው ጨረታውን ሊከፍት ሲል ያረጋል ነጠላውን አደግድጎ ወደ መሀል ወጣ።

"አባቶቸ፣ ስለቴን አምጥቻለሁ። ካሁን ወዲያ የኔ አይዶለም። አንድ ነገር ብቻ ልናገርና ልቀመጥ።"

"ተናገር" አሉ ቄስ ገብረ ኢየሱስ።

"የሁላችን በግ ቁመቱ አንሷል። የሁላችንም መስክ አንድ ነው፤ በጎቻችን ተቀላቅለው ነው የሚውሉት። ደኅናውን እየሸጥን ከሲታውን አውራ አደረግነው። እኔ ከሁላችሁ የባስሁ ነኝ። ይኸ በግ ዛሬ ቢሸጥ ቂርቆስ የሚያገኘው የአንድ በግ ነው። ባይሸጥስ? የታቦቱ እንደሆነ መስክ ላይ ቢለቀቅ፣ ከርሞ በየቤታችን የእሱ ልጅ ይወለዳል። ያን ጊዜ እያንዳንዳችን አንዳንድ ጠቦት ብናመጣ ለቂርቆስም ይሻለዋል። የሰው እንደሆነ ይሸጣል። የሱ እንደሆነ ማን ይደፍራል?"

ከነጋዴዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ላቀው ፊቱን ቋጠረ።

"የተሳለ ከብት ይሠራል ወይ?" አለ። "አባ፣ ይኸ ደንብ አይዶለም።"

ቄሱ ወደ በጉ ዞሩ። "ለተሳለው ሰው አይሠራም" አሉ። "ለደብሩ ግን ይሠራል። የቤተ ክርስቲያኑ በሬ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ያርስ የለም እንዴ? ይልቅስ ሲያረጅ ለንግሡ ይታረዳል፤ እስከዚያው የደብሩን በግ ያብዛ።"

"የያረጋልም በጎች እዚያው መስክ ላይ ናቸው እኮ" አለ አንድ ሽማግሌ እየሳቀ።

"ቂርቆስ መስክ ላይ ቆሞ የማን እንደሆኑ አይጠይቅም" አሉ ቄሱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩም በዚህ አለቀ። ያረጋል ከካህናቱ እግር ሥር ወድቆ ሊስም ፈለገ፤ ከአምና ክረምት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

"ቀን መስክ ይውላል፤ ማታ ማን ቤት ይደር?" አለ ላቀው።

ያረጋል አፉን ከፈተ። "እኔ ቤት" የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ያዋለደው እሱ፣ ጠባዩን የሚያውቀው እሱ፣ የሚወደው እሱ። ከሴቶቹ ወገን አደይ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ታየዋለች። ጭድ ታቅፋ የአጥሩ በር ላይ የቆመችበት ቀን ትዝ አለው።

"ከኔ ቤት በቀር፣ የፈቀዳችሁት ቤት ይደር" አለ።

ይህን ብሎ ቆሞ ጠበቀ። በአገሩ ወግ ሰው ራሱን ሲያዋርድ ሌላው "ኧረ አይባልም፣ ካንተ የተሻለ ማን አለ" ይላል። ለይሉኝታ እንኳ ቢሆን አንድ ሰው ይለዋል ብሎ ነበር። ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ጎረቤቱ ነው፣ አብሮ አደጉ ነው፣ የክርስትና ልጁ አባት ነው። "ከሁላችሁ የባስሁ ነኝ" ያለውን ሁሉም ሰምቷልና አንድም ሰው አላለም። ላቀው "እንግዲያ እኔ ዘንድ ይሁን" ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ያረጋልም ገመዱን አቀበለው።